ቴክስት የሚልክ ጋን

እቁባችን 12 ሰው ነው። በወር 100 ዶላር እንጥላለን፤ ዕጣ የወጣለት 1,200 ዶላር ይዞ ይሄዳል። ባለፈው ዙር አንዱ የመኪናውን ጎማ ቀየረበት። አንዷ ለእናቷ ትኬት ቆረጠችበት። አንዱ ምን እንዳደረገበት አልነገረንም፤ ሚስቱም አልነገረችንም፤ ስለዚህ ዕዳ ነበረበት ማለት ነው።

ጓደኛዬ ግን ቢራ የሚጠምቅ ማሽን ገዛበት።

ይህን ጓደኛዬን ኢንጂነሩ ነው የምንለው። ኢንጂነር አይደለም። ግን እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ሐበሾች መካከል የዕቃ መመሪያ ከዳር እስከ ዳር የሚያነብ እሱ ብቻ ነው። ሌሎቻችን መመሪያ የምናየው ዕቃው ከተበላሸ በኋላ ነው፤ ያውም ደረሰኙን ስንፈልግ።

ማሽኑ የመጣ ቀን ጠራኝ። ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ጉብ ብሏል። ብርማ ነው፤ ፊቱ ላይ ስክሪን አለው። የእንጀራ ምጣዱ፣ ቡና መፍጫውና የሽሮ ዕቃው ቦታ ለቀውለት ወለሉ ላይ ተደርድረዋል። ሚስቱ እጇን አጣምራ በሩን ተደግፋለች። ያን አቋቋም ያገባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

«ምንም ሥራ የለውም» አለኝ። «ብቅሉን እዚህ ትከታለህ። ውሃውን እዚህ። ሆፕሱን እዚህ። ቁልፏን ትጫናለህ፣ በቃ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሁለት ሳምንት ትጠብቃለህ። ሲደርስ ራሱ ቴክስት ያደርግልሃል።»

«ሱቁ አምስት ደቂቃ ነው» አለች ሚስቱ ከበሩ። «የእሱ ደግሞ ደርሶ ነው የሚጠብቅህ።»

ኢንጂነሩ ሲጠቃ ሕግ ይጠቅሳል። አሜሪካ የመጠጥ ክልከላውን እ.ኤ.አ. በ1933 ስታነሳ ቤት ውስጥ ወይን መጥመቅ ተፈቀደ፤ ቢራ ግን እንደተከለከለ ቀረ። ፈቃዱ የመጣው ጂሚ ካርተር በ1978 ከፈረሙት ሕግ በኋላ ነው። ሚሲሲፒና አላባማ እንኳ እስከ 2013 ድረስ እሺ አላሉም። በፌዴራሉ ሕግ ለመሸጥ ካልሆነ በቀር አንድ ለአቅመ መጠጥ የደረሰ ሰው ያለበት ቤት በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ያሉበት ቤት 200 ጋሎን መጥመቅ ይችላል። ሁለት መቶ ጋሎን 757 ሊትር ነው። ሚስቱ ቢራ በአፏ አይዞርም። እሱ ግን የእሷንም 100 ጋሎን ቆጥሮ ይዞታል። ባልና ሚስት አንድ ላይ ፋይል የሚያደርጉት ታክስ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

የመጀመሪያው ጠመቃ ቅዳሜ ማታ ተጀመረ። ነገሩ ሲታይ ውስብስብ አይደለም። የተከካ የገብስ ብቅል ከ65 እስከ 67 ዲግሪ በሞቀ ውሃ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ይቆያል። በዚያ ሙቀት ብቅሉ ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጡታል። ጣፋጩ ውሃ ይጠለላል፤ ሆፕስ የሚባለው መራራ አበባ ገብቶበት ይፈላል፤ ይቀዘቅዛል፤ እርሾ ይጨመርበታል። የቀረው የእርሾው ሥራ ነው። እናቶቻችን ኢንዛይም የሚባል ነገር ሳይሰሙ ነው ዕድሜ ልካቸውን የጠመቁት። ጣታቸውን ነከር፣ ላስ፤ «ገና ነው»፤ አለቀ።

ማሽኑ ጣት የለውም፤ ሴንሰር ነው ያለው። ወንበር ስበን ስክሪኑ ፊት ተቀመጥን። 63። 64። 65። ኢንጂነሩ በየዲግሪው ጭኑን ይመታል፤ ጨዋታ የሚያይ ነው የሚመስለው። 66 ላይ ስክሪኑ ጥቁር አለና ጽሑፍ አወጣ፤ «አፕዴት በማድረግ ላይ። እባክዎ አያጥፉት።»

ጋን አፕዴት ሲያደርግ አይቼ አላውቅም።

አርባ ደቂቃ ጠበቅን። ብቅሉ ቀዘቀዘ። ኢንጂነሩ «ችግር የለውም» አለ፤ ችግር እንዳለው የገባኝ ያኔ ነው።

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ ብቅ ስል፣ «ቁልፏን ትጫናለህ፣ በቃ» ያለኝ ሰውዬ ማጠቢያው ውስጥ እስከ ክርኑ ገብቷል። ሦስት ቱቦ፣ ሁለት ማጥለያ፣ አንድ የጠርሙስ ብሩሽ፣ አንድ ባልዲ ሳኒታይዘር። አተላው የማጠቢያውን ፍሳሽ ደፍኖታል። አገር ቤት አተላ ለከብት ይሰጣል። አፓርትመንት አራተኛ ፎቅ ላይ ግን ላም የለም።

ለካ ማሽኑ የሚሠራው ደስ የሚለውን ክፍል ነው። ማሽተቱን፣ ማማሰሉን፣ «ትንሽ ይቆይ፣ አይ ይበቃዋል» እየተባባሉ መጨቃጨቁን ለራሱ ወሰደው። እጥበቱን ለባለቤቱ ተወለት። 1,200 ዶላር ከፍሎ ጠማቂው ማሽኑ፣ ዕቃ አጣቢው እሱ ሆነ።

ከጠየቃችሁኝ የምለው ይህን ነው። ለዓመታት ድስት ላይ የጠመቀ፣ ጥሩ የሚለውን ቢራ አንዴ ያገኘና ያንኑ መልሶ መላልሶ ማውጣት የሚፈልግ፣ ጊዜም የሌለው ሰው ይግዛ፤ ይጠቅመዋል። ሙቀትን በዲግሪ ይዞ ማቆየት ቀላል ነገር አይደለም፤ ማሽኑ እሱን ከሰው በተሻለ ያደርገዋል። ለጀማሪ ግን ትልቅ ድስት፣ ቴርሞሜትርና ክዳን ያለው የፕላስቲክ ባልዲ ይበቃዋል። ካበላሸም ለምን እንደተበላሸ ያውቃል። በማሽን ያበላሸ ሰው የሚያውቀው የደንበኛ አገልግሎት ስልክ ቁጥር ብቻ ነው። እንደ ቡና በካፕሱል የሚጠምቁም መጥተዋል፤ ኤልጂ በ2019 ላስ ቬጋስ ላይ አንዱን አሳይቶ ነበር። እሱ ጠመቃ ከተባለ ኢንዶሚ ውሃ ውስጥ መጨመርም ወጥ መሥራት ነው።

ወደ እኛው ቢራ ልመለስ።

በሦስተኛው ሳምንት የእቁብ ቀን ደረሰና ተሰበሰብን። ኢንጂነሩ ለሁላችንም ቀዳ። ቀለሙ ያምራል፤ አረፋም አለው። አፍ ውስጥ ሲገባ ግን ዝናብ የመታው ካርቶን ነው።

የእቁቡ ዳኛ ጎንጨት አሉና ቆም አሉ። ጣሪያውን አዩ።

«ይሄ...» አሉ፣ «ይሄ ኬሚካል የለውም።»

ቤቱ በሙሉ ተነፈሰ። «አዎ አዎ፣ ኬሚካል የለውም!»

«ለየት ያለ ነው» አለች ጸሐፊዋ። የጎረቤት ልጅ መልኩ ካላማረን «ሲያድግ ቁመናው ያምራል» የምንለው ዓይነት ነው።

«ለኩላሊት ጥሩ ነው ይባላል» አለ ሌላው። መጠጥ ለኩላሊት ጥሩ ነው ከተባለ አልቆለታል።

እኔስ? «አንድ ልድገም» አልኩ። ይሉኝታ እንዲህ ናት፤ ማስዋሸቷ ሳያንስ ብርጭቆም ታስሞላለች። ሰው ዞር ሲልልኝ ብርጭቆዬን ይዤ መስኮቱ ሥር ወዳለችው የጤና አዳም ሄድኩ። ላፈስ ጎንበስ ስል አፈሩ ላይ አረፋ አየሁ። ቀድመውኛል።

ኢንጂነሩ የዚያኑ ሌሊት ሦስት ፓኬት ብቅል አዘዘ። ጥፋቱ የእኛ ነው። አንዳችን «ወንድሜ፣ ይሄ ነገር አልሆነም» ብንለው ኖሮ ማሽኑ ዛሬ ሌላ ሰው ቤት ይሆን ነበር። ማን ይበለው? ዕጣው ሲወጣለት ያጨበጨብነው እኛ ነን። የምንጠጣው የገዛ እቁባችንን ነው።

ሁለተኛው ከመጀመሪያው ትንሽ ይሻላል። ሦስተኛው አንደኛዋ ቱቦ በደንብ ሳትታጠብ ቀርታ ኮምጣጤ ሆነ፤ ሚስቱ ግማሹን ለሰላጣ ተጠቀመችበት። አራተኛው ላይ እስክሪብቶ አነሳች። አንዴ ሲጠመቅ የሚወጣው 8 ሊትር፣ ማለትም 22 ጠርሙስ ነው። አራት ጊዜ፣ ፓኬቱ 35 ዶላር፣ 140። ማሽኑ 1,200። የተጠጣው ሦስቱ ነው፤ 66 ጠርሙስ። ወረቀቱን ፍሪጁ ላይ በማግኔት ለጠፈችው፤ «አንዱ ጠርሙስ 20 ዶላር ከ30 ሳንቲም»። ጤና አዳሟ የጠጣችው ከዚህ አልተቀነሰም።

ነገሩ ኢንጂነሩ ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም። ሲያትል ውስጥ ፒኮብሩው የሚባል ኩባንያ ነበር፤ በ2010 የተቋቋመ። ኪክስታርተር በሚባል ድረ ገጽ ላይ ከሕዝብ ገንዘብ እየሰበሰበ ቢራ የሚጠምቁ ማሽኖች ሠራ። ማሽኖቹ የሚሠሩት ከኩባንያው ሰርቨር ጋር በኢንተርኔት ተገናኝተው ነበር። በ2020 ኩባንያው ሲዘጋ ባለማሽኖቹ ራሳቸው ሰርቨር መሥራት ጀመሩ። ኪክስታርተርም እኮ እቁብ ነው፤ ዳኛና ዋስ የሌለው እቁብ። ይህን ለኢንጂነሩ ስነግረው «የእኔ ሌላ ሞዴል ነው» አለኝ።

በኅዳር የሚስቱ እናት ከደብረ ብርሃን መጡ። ጠላ ጠምቀው ልጆቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። ሻንጣቸውን ሳያስቀምጡ ማሽኑ ፊት ቆሙ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ቢራ መጥመቂያ ነው፣ እማማ።»

«ማነው የሚጠምቀው?»

«ራሱ።»

«አንተስ ምን ትሠራለህ?»

ኢንጂነሩ ትንሽ አሰበ። «አጥበዋለሁ።»

እማማ ሆፕሱን አንስተው በመዳፋቸው አሹት፤ አሸተቱት። «ጌሾው ይሄ ነው?»

«እንደ ጌሾ ማለት ነው። ምሬቱን የሚሰጠው እሱ ነው።»

«እርሾውስ?»

«በፓኬት ይመጣል።»

እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ጠላ እርሾ አይገዛለትም። ከጌሾው፣ ከእህሉ፣ ከጋኑ ገላ ራሱ ያመጣዋል። ሳቃቸው ሲበርድ «እስኪ አምጣው» አሉ። ዳኛውና እኔም ነበርን። እማማ ቀመሱ። ጣሪያውን አላዩም።

«ልጄ፣ ቅራሪ ነው።»

እዚህ ለተወለዱ ልጆች፦ ቅራሪ ማለት ዋናው ጠላ ከተቀዳ በኋላ ድፍድፉ ላይ እንደገና ውሃ ሲጨመር የሚወጣው ቀጭኑ ነው። ማሽኑ ከመጣ ወዲህ በዚያ ቤት የተነገረ የመጀመሪያው እውነት ይህ ነው። ዳኛው ወዲያው «እኔም ብዬ ነበር» አሉ። ኬሚካል የለውም ያሉት ሰውዬ!

ለገና እማማ ራሳቸው ጠላ ጣሉ። ጌሾው ከሐበሻ ሱቅ መጣ። ጋን ስለሌለ ክዳን ያለው የፕላስቲክ በርሜል ተገዛ፤ እሱን በወይራ ማጠን አይቻልምና እማማ ሁለት ቀን አዘኑ። ጠነሰሱ። ብቅሉ ገባ፣ ቂጣው ተቆራርሶ ገባ፣ እንኩሮው ገባ። እኛም ገባን። አንዷ ገብስ ትቆላለች፣ አንዱ ይነፋል፣ አንዱ ምንም ሳይሠራ ወሬ ያቀብላል። በየቀኑ ስልክ ነው፤ «ደረሰ ወይ?» ገና ጉሽ እያለ ሲሶው አለቀ።

ደግሞ አፋችን ተከፈተ። «ጌሾው በዝቷል።» «የለም፣ እንኩሮው ነው ያረረው።» «ገብሱን የቆላሽው አንቺ አይደለሽ?» ጸሐፊዋ ለየት ያለ ነው አላለችም፤ «ጎምዝዟል» ነው ያለችው። እማማ እየሰሙ ይስቃሉ። የኢንጂነሩ ቢራ ሲቀመስ የሚቀመሰው ኢንጂነሩ ነበር። እዚህ ግን የሁሉም እጅ አለበት፤ ስድቡም ለሁሉም ይዳረሳል። ኢንጂነሩ ራሱ ሦስት ብርጭቆ ጠጥቶ «ትንሽ ውሃ በዝቶበታል» አለ።

ማሽኑን ሊሸጠው ማስታወቂያ ጽፎ ነበር። እማማ ናቸው ያስቀሩት። የጥር ብርድ ገብቶ የእንጀራው ሊጥ አራት ቀን ተኝቶ አልነቃ አለ። እማማ ማሽኑን አንዴ ዞሩት።

«ይሄ ነገር ሙቀት ይይዛል አላልክም?»

«በዲግሪ ነው የሚይዘው፣ እማማ።»

«እንግዲያ ክፈተው።»

ሐሙስ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ የኢንጂነሩ ስልክ ጮኸ። የላከለትን ቴክስት ፎቶ አንስቶ የእቁቡ ግሩፕ ላይ ለጥፎት አይቼዋለሁ፤ «እንኳን ደስ አለዎት! ቢራዎ ደርሷል። በኃላፊነት ይጠጡ።»

ሚስቱን ቀሰቀሳት። «ተነሺ፣ ሊጡ ደርሷል፤ አብሲት ይጣል።»

ዓይኗን አልገለጠችም። «ቱቦውን አጥበኸው ነበር?» አለችው።