ቅሬታዎ ተዘግቷል

ድሮ አቤት ማለት ጫማ ይጨርስ ነበር። ጸሐፊዋ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ትልሃለች፣ ነገ ትመለሳለህ። አሁን ደጁ ስልክህ ውስጥ ገብቷል። አልጋህ ላይ ተጋድመህ ደጅ ትጠናለህ።

እኔም የመንገዳችን መብራት ከጠፋ ወር ሲያልፈው በስልኬ አቤት አልኩ። የቅሬታ ዓይነት ምረጥ አለኝ። ውሃ አለ፣ ቆሻሻ አለ፣ ጩኸት አለ። መብራት የለም። (እሱንማ እኔም አውቃለሁ፤ የመጣሁት ለዚያ ነው።) «ሌላ» የሚለውን ነካሁ። ፎቶ አያይዝ ተባልኩ። በሌሊት ወጥቼ የጠፋውን መብራት ፎቶ አነሳሁ። ድፍን ጥቁር ሆኖ ወጣ። ከዚህ በላይ ማስረጃ ከየት ይምጣ?

በሦስተኛው ቀን «ቅሬታዎ ለሚመለከተው አካል ተመርቷል» የሚል መልእክት ደረሰኝ። የሚመለከተው አካል ያው መብራቱን ያላበራው መሥሪያ ቤት ነው። በዐሥረኛው ቀን «ቅሬታዎ መፍትሔ አግኝቶ ተዘግቷል» አለኝ። ሮጬ ወጣሁ። ጨለማው አለ።

ነገሩ ሲገባኝ ግን አልፈረድኩባቸውም። አለቃው የሚያየው ሰሌዳ ነው። ያልተዘጋ ቅሬታ ቀይ፣ የተዘጋ አረንጓዴ። ቀዩን አረንጓዴ ለማድረግ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ መሰላል፣ አምፖል፣ መኪና፣ ነዳጅና ሠራተኛ ይፈልጋል። ሌላው አንድ ጣት። አንተ ብትሆን የቱን ትመርጣለህ? ህንድ እ.ኤ.አ. በ2024 የቅሬታ መፍቻ ቀነ ገደቧን ከ30 ቀን ወደ 21 አውርዳለች። ለመሰላሉ ጊዜው አጠረ። ለጣቷ ግን 21 ቀን ሙሉ ዕረፍት ነው።

ኮሪያ ውስጥ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ንጉሥ ቴጆንግ ሺንሙንጎ የሚባል ከበሮ አሰቅሎ ነበር፤ የተበደለ መጥቶ እንዲመታው። ከበሮው ጋ ለመድረስ ግን መጀመሪያ በታች ሹሞች በኩል ማለፍ ግድ ነበር። እንግዲህ የበደለህ ሹም ራሱ ከሆነ ጸሎት ያዝ። የደቡብ ኮሪያ መንግሥት ዛሬ የኢንተርኔት ቅሬታ መቀበያውን የሰየመው በዚሁ ከበሮ ነው።

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2007 የጀመሩት ፊክስማይስትሪት የሚባል የመንገድ ብልሽት ማመልከቻ ድረ ገጽ ይሻላል። ጉድጓዱን ካርታ ላይ ለሁሉም ያሳያል። ከአራት ሳምንት በኋላ ደግሞ «ተደፈነ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው አመልካቹን ነው። ይኼ ጥያቄ እኔ ጋ ቢመጣ ኖሮ ከጎረቤቴ ጋር ባልተጣላን።

ጎረቤቴ ጋሼም ለካ ስለዚያው መብራት አመልክተው ኖሯል። የመጣላቸው መልስ «ይህ ጉዳይ በሌላ ነዋሪ ቀርቦ መፍትሔ አግኝቷል» ይላል። ማታ በር ላይ አስቆሙኝ።

«አንተ ልጅ፣ መፍትሔ አገኘሁ ብለህ ያዘጋኸው አንተ ነህ አሉ?»

በጣም የተቆጡ መሰለኝ። ፊታቸው አይታይም።