ታሪኩ ሳያልቅ ወገቡ አለቀ

በኖቬምበር 2023 አንድ የጃፓን የቴሌቪዥን ፕሮግራም ከዮሺሂሮ ቶጋሺ የተላከ ደብዳቤ አነበበ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ቶጋሺ «ሀንተር ሀንተር» የተባለውን ማንጋ (በሥዕል የሚተረክ የጃፓን ታሪክ) የሚሠራው ሰው ነው። ለታሪኩ ሦስት መጨረሻዎች እንዳሰበ ጻፈ። ሦስቱን ግን አልተናገረም። ይልቅ ራሱ የጣለውን አራተኛ መጨረሻ ዘርዝሮ ላከ። ሳልጨርሰው ከሞትኩ መጨረሻው ይህ ነው ብላችሁ ያዙልኝ፣ ነው ነገሩ። ያኔ 57 ዓመቱ ነበር።

ዜናውን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅኩ። ለካርቱን ኑዛዜ! ትንሽ ቆይቼ ግን ሳቁ ጠፋ። ሰውዬው እየቀለደ አልነበረም።

«ሀንተር ሀንተር» የተጀመረው በማርች 1998 ነው። እኛ አኒሜውን፣ ማለትም ከማንጋው የተሠራውን የቴሌቪዥን ካርቱን፣ ሃይስኩል እያለን በፍላሽ ተቀባብለን ነው ያየነው። ዛሬ ከመካከላችን ልጅ የወለደ አለ። ማንጋው ግን አላለቀም። ስንገናኝ ወሬው ሁሌ አንድ ነው። ግማሾቹ «ሰውዬው ሲበዛ ሰነፍ ነው» ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ «ብር ስለጣማቸው ነው የሚጎትቱት» ይላሉ። እኔም ሁለቱንም ብያለሁ። አሁን ግን ሁለቱም ልክ አይመስሉኝም። በተለይ የመጀመሪያው ግፍ ነው።

እስቲ ሥራውን እንየው። «ሀንተር ሀንተር» የሚወጣበት «ሳምንታዊ ሾነን ጃምፕ» በቶኪዮ የሚታተም የማንጋ መጽሔት ነው። አንድ ደራሲ በየሳምንቱ 19 ገጽ ገደማ ያስረክባል። መጽሔቱ በዓመት ወደ 48 ጊዜ ስለሚወጣ፣ ደራሲው በዓመት 900 ገጽ ያህል ይሥላል ማለት ነው። ታሪኩን ያስባል፣ ንድፉን ለአርታኢው ያሳያል፣ አርታኢው ካልወደደው እንደገና ይሠራል፣ ከዚያ በእርሳስ፣ ከዚያ በቀለም። ረዳቶች አሉት። እነሱ ከበስተጀርባ ያለውን ቤትና ዛፍ ይሥላሉ። ደመወዛቸውን የሚከፍለውም በአብዛኛው ራሱ ደራሲው ነው። ሰኞ መጽሔቱ ገበያ ላይ ሲውል እሱ የሚቀጥለውን እየሣለ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሥራ መጨረሻ እንዲኖረው ተደርጎ አልተቀመጠም። መጽሔቱ ውስጥ ፖስትካርድ አለ። አንባቢው የወደዳቸውን ታሪኮች መርጦ ይልካል። ድምፅ ያጣ ታሪክ በጥቂት ወራት ውስጥ ይባረራል። እንግዲህ አዲስ ደራሲ ሲጀምር አሥር ሳምንት መቆየቱን እንኳ አያውቅም። መጨረሻውን አስቦ፣ ለክቶ፣ ቆርጦ የሚጀምርበት ምክንያት የለውም። በሩን ክፍት አድርጎ ይጀምራል። ታሪኩ ከተወደደ ደግሞ ያንን በር መዝጋት የሚፈልግ ሰው ይጠፋል። ዋናው ገንዘብ ከመጽሔቱ አይመጣም፤ ምዕራፎቹ ተሰብስበው ከሚታተሙበት ጥራዝ፣ ከአኒሜው፣ ከመጫወቻው ነው የሚመጣው። ሳምንታዊው ምዕራፍ ሲቆም ያ ሁሉ ይቀዘቅዛል።

መጽሔቱ ይህንን በራሱ ላይ ደርሶ አይቶታል። አኪራ ቶሪያማ «ድራገን ቦል»ን በ1984 ጀምሮ በ1995 ጨረሰ። እሱ ቀደም ብሎ ማቆም ይፈልግ እንደነበር የታወቀ ነው። ታሪኩ ወደ ማለቂያው ሲቃረብ ሾነን ጃምፕ በአንድ እትም 6.53 ሚሊዮን ቅጂ ደርሶ ነበር። ከዚያ «ድራገን ቦል» አለቀ። በማግስቱ ዓመት «ስላም ደንክ»ም አለቀ። አንባቢው ሸሸ፤ በ1997 ተፎካካሪው «ሳምንታዊ ሾነን ማጋዚን» በሽያጭ አለፈው። «ዋን ፒስ» የተባለው ማንጋ በሾነን ጃምፕ የጀመረው በዚያው ዓመት፣ በጁላይ ነው። አንድ ጥሩ ታሪክ ሲያልቅ ምን እንደሚያስከፍል ገና በተማረ ቤት ውስጥ ነው የተወለደው። ከዚያ ወዲህ ቢረዝም ይገርማል?

የ«ዋን ፒስ» ደራሲ ኢይቺሮ ኦዳ መጀመሪያ ያሰበው በ5 ዓመት ለመጨረስ ነበር። አምስቱ ዓመት አለፈ። አሁን ጥራዙ ከመቶ፣ ምዕራፉ ከ1,100 በልጧል። ግን እዚህ ላይ ገንዘብ ብቻውን አይመስለኝም። ሒሳቡን ተመልከቱት። የታሪኩ ጀግና ሉፊ የመጀመሪያዎቹን አራት ባልደረቦቹን አግኝቶ ወደ ታላቁ የባሕር መስመር ደጃፍ የደረሰው በ100 ምዕራፍ ነው። ዋኖ የተባለችው አንዲት አገር ግን ብቻዋን ወደ 150 ምዕራፍ በላች፤ ከ2018 እስከ 2022። ለምን? አምስት የነበሩት አሥር ሆነዋል። እያንዳንዳቸው ጠላት አላቸው፤ ጠላቱም ታሪክ አለው። ምዕራፉ ግን አልረዘመም። ያው አሥራ ሰባት፣ አሥራ ዘጠኝ ገጽ ነው። ለሁሉም ሲከፋፈል ለአንዱ ሁለት ገጽ ቢደርሰው ነው። ታሪኩ በሰፋ ቁጥር እርምጃው ያጥራል። (ያም ሆኖ ከዋኖ አንድ ሦስተኛው ቢቆረጥ አይጎዳም ነበር ባይ ነኝ። ስድቡን እቀበላለሁ።)

ኦዳም ቢሆን ብረት አይደለም። በ2013 ሆስፒታል ገብቶ አረፈ። በ2023 ዓይኑን ቀዶ ሕክምና ሊደረግለት ለአራት ሳምንት አቆመ።

ወደ ቶጋሺ ልመለስ። ሰነፍ የምንለው ሰው ከዚህ በፊት «ዩ ዩ ሀኩሾ» የተባለውን ከ1990 እስከ 1994 በየሳምንቱ ሠርቷል። ገና ተወዳጅ ሳለ፣ ድካሙ ሲበዛበት በራሱ ፈቃድ አቆመው። ቀጥሎ በ«ሀንተር ሀንተር» ወገቡ አለቀ። እንደው ለነገሩ ወገቤ አለቀ እንደምንለው አይደለም፤ የምሩን አለቀ። ከ2018 መጨረሻ እስከ ኦክቶበር 2022 አንድም ምዕራፍ አልወጣም። ሲመለስ የነገረን ለሁለት ዓመት ያህል ወንበር ላይ መቀመጥ እንዳልቻለ ነው። የለመደውን አሣሣል ትቶ ነው እንደገና የጀመረው። ሠላሳ ዓመት ጎንበስ ብሎ የኖረ ሰው ነው። እኛ ደግሞ ሶፋ ላይ ተጋድመን ስልካችንን እየነካካን ሰነፍ እንለዋለን።

«ታዲያ ሌሎቹስ እንዴት ቻሉ?» የሚል ይኖራል። ኦሳሙ አኪሞቶ «ኮቺካሜ»ን ከ1976 እስከ 2016፣ 40 ዓመት፣ አንድ ሳምንት ሳይዘል ሠርቶ በ200 ጥራዝ ዘጋው። ተአምር ነው፣ አልክድም። ግን የዚያ ማንጋ ምዕራፎች በአብዛኛው እዚያው ተጀምረው እዚያው የሚያልቁ ቀልዶች ናቸው። ዛሬ የተጻፈው ከሃያ ዓመት በፊት ከተጻፈው ጋር እንዳይጣላ መጨነቅ የለም። ሁለቱ አንድ ዓይነት ሥራ አይደሉም።

እኔን ያስተማረኝ «በርሰርክ» ነው። ኬንታሮ ሚዩራ በ1989 ጀመረው። አሣሣሉን ያየ ሰው ያውቃል፤ አንድ ገጽ ላይ ያለው የመስመር ብዛት ያደክማል። በኋለኞቹ ዓመታት በዓመት የሚወጣው በጣት የሚቆጠር ምዕራፍ ነበር። ገጸ ባሕርያቱ አንድ መርከብ ላይ ተሳፍረው ለዓመታት ሳይወርዱ ቀሩ። አንባቢው በመርከቧ ያልቀለደው ቀልድ የለም። እኔም ቀልጃለሁ። በሜይ 2021 ሚዩራ በድንገተኛ የልብ ደም ሥር መቀደድ ሞተ፤ 54 ዓመቱ ነበር። የዚያን ቀን መርከቧን አስታውሼ አፈርኩ።

በቀጣዩ ዓመት «በርሰርክ» ቀጠለ። የሚሥሉት የሚዩራ ረዳቶች ናቸው። ታሪኩን የሚነግራቸው ኮጂ ሞሪ ነው፤ የሃይስኩል ጓደኛው። ሚዩራ ከሠላሳ ዓመት ገደማ በፊት እስከ መጨረሻው ድረስ አጫውቶት ነበር። ይኸው፣ መጨረሻው ነበረ። የጎደለው እጅ ነው።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ ሳምንቱ ይቅር። ማለቴ ለሁሉም ሳይሆን፣ ለረዘሙት። «አታክ ኦን ታይታን» በወር አንዴ እየወጣ ከ2009 እስከ 2021 ሄዶ በ34 ጥራዝ አለቀ። ያለቀበትን መንገድ ያልወደዱ ብዙ ናቸው፤ ግን አለቀ። ሾነን ጃምፕም ራሱ በ2020 «ዴመን ስሌየር»ን ጫፍ ላይ ሳለ በ23 ጥራዝ እንዲያበቃ ፈቅዷል። በዲሴምበር 2022 ደግሞ «ሀንተር ሀንተር» ከእንግዲህ በሳምንታዊ ቅርጽ እንደማይቀጥል አስታወቀ፤ ምክንያቱ የደራሲው ጤና ነው። ይቻል ኖሯል። እኔን የሚያናድደኝ ውሳኔው የመጣው ሰውዬው መቀመጥ ካቃተው በኋላ መሆኑ ነው።

ቶጋሺ በሜይ 2022 ትዊተር ከፈተ። የሚለጥፈው ነገር ያስቃል፤ የወረቀት ጥግ ፎቶ ነው። ሥዕሉ አይታይም፣ ቁጥር ብቻ። ያንን ቁጥር ለማየት ሚሊዮኖች ይከተሉታል። እኔም አንዱ ነኝ። ሲለጥፍ ጓደኛዬ ይልክልኛል፣ እኔም ለሌላው እልካለሁ። ማናችንም «መቼ ነው የሚያልቀው» ማለት ትተናል። «ተነስቷል ዛሬ» ነው የምንባባለው።