ገና ዕለት ልጆቹን ወዴት?

ክርክሩን የለኮሰው አንድ የሦስት ልጆች አባት ነው። ገና ሊገባ ሳምንት ቀርቶት፣ ቡናው ቶና ላይ እንደደረሰ፣ «ዘንድሮ እንኳ ልጆቹ ቴሌቪዥን ላይ ተጥደው አይውሉም፤ እንጦጦ ነው የማወጣቸው» አለ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ነገር ግን ከተሰበሰበው ሰው መካከል ልጅ ይዞ ከቤት የመውጣትን ጣጣ የማያውቅ ስላልነበረ፣ አፉን ሳይገጥም ተቀበሉት።

«በዕለቱ?» አለችው የአንደኛ ደረጃ መምህርቷ።

«በዕለቱ ነዋ! ገና ስንት ቀን ነው ታዲያ?»

«እንግዲያው ሌሊቱን አስበው። ልጆቹ ከእናታቸው ጋር ቤተ ክርስቲያን ያመሻሉ። ቅዳሴው የሚያልቀው ሌሊት ነው። ቤት ገብተው ፈስከው እስኪተኙ ሊነጋ ምን ቀረው? አንተ ሦስት ሰዓት ላይ ትቀሰቅሳቸዋለህ። ከኅዳር 15 ጀምሮ ቅባት ያልነካው ሆድ ላይ ዶሮ ወጥና ክትፎ ተደርቦበታል። በዚያ ላይ ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ ያለውን ጠመዝማዛ ስታስወጣቸው ትንሹ የት ላይ እንደሚያስመልስ ልንገርህ? ሁለተኛው ኩርባ ላይ።»

«ትንሹ እኮ አምስት ዓመቱ ነው፤ አይጾምም።»

«እሱ ባይጾም ቤቱ ጾሟል። ድስቱ ሽሮ ከሆነ እሱስ ከየት አምጥቶ ቅቤ ይበላል? ሲፈሰክ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚበላው እሱ ነው።»

ሰው ሳቀ። አባትየው ግን አልተረታም። አየሩ ንጹሕ ነው፣ ሜዳው ሰፊ ነው፣ ፈረስ አለ፣ ልጆቹ እንደ ልባቸው ይሮጣሉ ብሎ ተሟገተ። ዳገቱን ወጥተው ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡባትን እንጦጦ ማርያምን፣ አጠገቧም ያለውን ሙዚየም ቢያዩ ከትምህርት ቤት መጽሐፍ የበለጠ ይገባቸዋል አለ። ይህን ማንም አልካደበትም።

«ለመውጣትስ ትወጣለህ» አለ ሚኒባስ የሚነዳው ወጣት። «ችግሩ መውረዱ ነው። በበዓል ከሰዓት በኋላ ግማሹ ታክሲ ቤቱ ገብቶ ሥጋውን እየበላ ነው። የቀረው ዋጋውን ራሱ ይተምናል። በስልክ የምትጠራውም ቢሆን፣ ሰው ሁሉ በአንድ ሰዓት ሲጠራው ወይ አይመጣም ወይ እጥፍ ይልሃል። ፀሐይ የምትገባው 12 ሰዓት ከሩብ ግድም ነው፤ በ11 ሰዓት ሽሮ ሜዳ ካልደረስክ ሦስት ልጅ ይዘህ ብርድ ላይ ትቆማለህ።»

«የወንድሜን መኪና እዋሳለሁ።»

«ያኔ ወረፋው አለልህ፤ አንተ ያሰብከውን ከተማው ሁሉ ነው ያሰበው። ደግሞ ስትወርድ በፍሬን ብቻ አትውረድ። ሁለተኛ ማርሽ ላይ አድርገህ ሞተሩ ይያዘው። ያን ሁሉ ቁልቁለት ፍሬን ረግጠህ ከወረድክ ሸራው ይግልና ፔዳሉ እግርህ ሥር ባዶ ይሆናል። መጨረሻ ላይ ያለው ደግሞ ገበያ ነው፣ ሰው ነው።»

መምህርቷ ወሬውን ወደ ልብስ መለሰችው። መሐል አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ነው፤ እንጦጦ ላይ ሲደርሱ ከ3,000 ያልፋል። እንደ እሷ ሒሳብ ይህ ብቻ ወደ አራት ዲግሪ ብርድ ይጨምራል፣ ነፋሱ ሳይቆጠር። ፀሐዩ ግን ከታች ይልቅ ያቃጥላል። ስለዚህ አንድ ወፍራም ጃኬት ከማልበስ ሁለት ስስ ሹራብ መደረብ፣ ባለ ጥላ ኮፍያ ማድረግ፣ ከንፈርና ጉንጭ ላይ ቫዝሊን መቀባት ይሻላል አለች። ወፍራሙን ጃኬት ልጁ ሮጦ ሲያልበው ያወልቀዋል፤ ከዚያ ላቡ ላይ ነፋስ ይገባበታል። ሰው በማግሥቱ «እንጦጦ ጉንፋን አስያዘው» የሚለው እንዲህ ያደረገውን ልጅ ነው።

አንድ ሌላ ነገርም አነሣች፣ የጠፋ ልጅ ነገር። በገና ዕለት ሕዝቡ በሙሉ ነጭ ለባሽ ነው። «ነጭ የሀበሻ ቀሚስ የለበሰች፣ ፀጉሯ የተሠራ» ብሎ ለጥበቃ መንገር ግቢ ውስጥ ያሉትን ልጆች ሁሉ መጥራት ነው። ከበር ሳይገቡ ሦስቱንም ልጆች አቁሞ በስልክ ፎቶ ማንሣት፣ የወላጅን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፎ ኪስ ውስጥ ሳይሆን የሹራቡ ውስጠኛ ክፍል ላይ በመርፌ ቁልፍ ማያያዝ (ኪስ ውስጥ ያለው ከብስኩት ወረቀት ጋር ይጣላል)፣ ከተቻለም አንገታቸው ላይ ደማቅ ቀይ ወይም ቢጫ ሻርፕ ማድረግ። «ከጠፋህ ፈልገን» ሳይሆን «ከጠፋህ ባለህበት ቁም» ብሎ ማስተማር ነው አለች፤ ሁለቱም ወገን ሲፈላለግ ሳይገናኝ ይመሻልና።

የአባትየው ባለቤት እስካሁን ዝም ብላ ስኒ ታጥባለች። «ባዛርስ?» አለች። ነገሩ ብዙ አልቆየም። ባዛር መሄድ የፈለገ ከበዓሉ በፊት ባለ የሥራ ቀን ጠዋት ይሂድ፤ በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ልጅ የሚያየው የሰው ወገብና የፕላስቲክ ከረጢት ብቻ ነው፣ ድምፅ ማጉያውም ጆሮ ያደነቁራል። በዚህ ሁሉም ተስማሙ፤ እሷም ቢሆን የጠየቀችው ለማንሣት ያህል ይመስለኛል።

ቀጥሎ የመጣችው አስጎብኚዋ ናት። «ገና ከሆነ ላሊበላ ነው» ብላ ጀመረች፤ ሰው ሁሉ ስለ አውሮፕላን ትኬት ሲያጉረመርም ግን ፈገግ ብላ ሌላ ካርድ መዘዘች፦ አዳዲ ማርያም። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምዕራብ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የቡታጅራን መንገድ ይዘው ወደ ውስጥ ይገነጠላሉ። በንጉሥ ላሊበላ ዘመን እንደተፈለፈለች የሚነገርላት፣ ከመሬት በታች ወርዳ ከአንድ አለት የወጣች ቤተ ክርስቲያን ናት። መንገድ ላይ መልካ ቁንጥሬ አለ። የጥንት ሰዎች የድንጋይ መሣሪያ በተገኘበት ሜዳ ላይ ሙዚየም አለው፤ በ2024 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። «ንጉሥ ላሊበላ የተወለደው በገና ቀን ነው ሲባል ልጅ ይሰማል፤ የንጉሡ እጅ የነካውን ዓይነት ሥራ ግን በግማሽ ቀን መንገድ ማየት ሲችል አያየውም» አለች።

«በገና ዕለት?» አሁንም መምህርቷ ናት።

«በዕለቱ አይሆንም» አለች አስጎብኚዋ ሳታቅማማ። «በዕለቱ ቦታው የምእመናን ነው። ካሜራ አንጠልጥሎ ልጅ እያስሮጡ መግባት ነውር ነው። በማግሥቱ ወይ በሳምንቱ። ጫማ ይወልቃልና ወፍራም ካልሲ ይያዝ፣ አለቱ ብርዱ አጥንት ይገባል። ውስጡ ጨለማ ስለሆነ ባትሪ ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቤተ ክርስቲያኗ ጉድጓድ ውስጥ ስለሆነች፣ ከላይ ሆኖ የሚያይ ልጅ ወደ ጫፍ ይሳባል። ከሰባት ዓመት በታች ያለውን እጁን ሳይለቁ ነው። ምሳው ደግሞ ረቡዕ ወይ ዓርብ ከዋለ የጾም መሆኑን አትርሱ፤ ገና አለፈ ብሎ እንቁላል ቀቅሎ የሚመጣ አለ።»

እስካሁን ጥግ ላይ ሆነው ያዳመጡት ጡረታ የወጡ አዛውንት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሁላችሁም የምታወሩት ስለ መኪና ነው» አሉ። «ገና ጨዋታ ነው። ዱላና እሩር፣ ማለትም ኳስ። ከቤታችሁ 10 ደቂቃ የሚያስሄድ ባዶ ሜዳ የላችሁም? እኛ ጃንሜዳ ሄደን ነበር የምናየው፤ ሠፈራችን ውስጥ ግን እኛው ነበርን ተጫዋቾቹ።»

«አባባ፣ የገና ዱላ እኮ ቁርጭምጭሚት ይሰብራል» አለች ነርሷ።

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!»

«ጌታው ባይቆጡም እናት ትቆጣለች። እኔ ጋ ይዛው የምትመጣው እሷ ናት።»

እዚህ ላይ ነው ክርክሩ ጥሩ የሆነው፤ ምክንያቱም አዛውንቱ ከመቆጣት ይልቅ ሥራውን ማስረዳት ጀመሩ። ዱላው የግድ ወይራ መሆን የለበትም፤ ወይራ ለልጅ ይከብደዋል፣ የሚመታውንም ያቆስላል። ጫፉ በተፈጥሮው የቆለመመ ለጋ ቅርንጫፍ ይፈለጋል። ካልተገኘ ለጋውን እሳት ላይ እያገላበጡ አሙቆ፣ ጎብጦ እንዳለ በገመድ አሥሮ እስኪደርቅ መተው ነው። ለዚህ ነው ሳምንት ቀድሞ መቁረጥ ያለበት፤ በዋዜማው የተቆረጠ ሁለት ጊዜ መትቶ ይቃናል። ቁመቱ ከልጁ ወገብ አይብለጥ፣ ቆልማማው ደግሞ አንድ መዳፍ ይበቃዋል። ልጣጩ ተልጦ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፤ ይህ ካልተደረገ መዳፉ ላይ ስንጥር ይገባል።

እሩሩ ላይ ነርሷ ድርሻዋን አዋጣች። የእንጨት ይቅር አለች። አዛውንቱ እሺ አሉ፤ የካልሲ ኳስ ይሁን፣ ግን በሲባጎ ጥብቅ ብሎ ይጠምጠም፣ የአዋቂ ጡጫ ያህል ይሁን። ላላ ካለ ዱላው ይሰምጥበታል እንጂ አይሄድም። የቴኒስ ኳስ ያሉም ነበሩ፤ በታኅሣሥ ደረቅ መሬት ላይ ግን እየነጠረ ፊት ላይ ይመጣል ተብሎ ተጣለ። ሜዳው 40 እርምጃ፣ በሁለቱ ጫፍ በአራት እርምጃ ርቀት ሁለት ሁለት ድንጋይ፣ በየወገኑ አምስት ወይ ስድስት ልጅ፣ 10 ደቂቃ ተጫውቶ ማረፍ። ሕጉ አንድ ነው፦ ዱላው ከጉልበቱ በላይ ያነሣ ይወጣል። ነርሷ በዚህ ላይ ካርቶን አጥፎ ካልሲው ውስጥ፣ ከቅልጥሙ ፊት ማስገባትን ጨመረች። ሲጨርሱ የሚቀርበው ድፎ ዳቦ፣ ብርቱካንና ውኃ ነው። ዶሮ ወጥ ምሳ ዕቃ ይዞ ሜዳ መውጣት የትም አያደርስም አለች፤ ፀሐይ ላይ ሦስትና አራት ሰዓት ከተቀመጠ ይበላሻል፣ ባይበላሽ እንኳ ነጩ ልብስ ላይ ይፈስና ቀኑ በለቅሶ ያልቃል።

አባትየው ግን እስከ መጨረሻው እንጦጦን አልለቀቀም። «ዱላውንም ይዤ እንጦጦ እወጣለሁ» ብሎ ተነሣ።

እኔ በበኩሌ መምህርቷንና አዛውንቱን ነው የምደግፈው፤ አባትየውም ቦታው ላይ ሳይሆን ቀኑ ላይ ነው የተሳሳተው። ገና ዕለት የልጅ አቅም የሁለት ሰዓት ነው። ሌሊቱን ያልተኛ፣ ሆዱ ያልተረጋጋ ልጅ እስከ አምስት ሰዓት ይተኛ፣ ቀለል ያለ ይብላ፣ 9 ሰዓት ላይ ፀሐዩ ሲበርድ ሠፈሩ ሜዳ ላይ ዱላ ይጨብጥ፤ 11 ሰዓት ላይ በእግሩ ቤቱ ይገባል። ሜዳው የሌላ ሃይማኖት ጎረቤት ልጆችንም ይዞ ይመጣል፤ እንጦጦ ግን የራስን ልጆች ብቻ ነው የሚያደርሰው።

እንጦጦና አዳዲ ማርያም በገናና በጥምቀት መካከል ይሁኑ። ከታኅሣሥ 30 እስከ ጥር 10 ያሉት 11 ቀናት ናቸው፤ ከዚያ ውስጥ አንድ ሙሉ ቅዳሜና እሁድ የማይገኝበት ዓመት የለም። ዘመነ ዮሐንስ ከሆነ ደግሞ ገና 28 ላይ ስለሚውል አንድ ቀን ይጨመራል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ደርሶ ከቀኑ 7 ሰዓት በፊት መውረድ ነው። ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን የመጡ የዘመድ ልጆች ካሉ ግን እዚህ በገቡ ማግሥት አታውጧቸው፤ ከባሕር ጠለል አጠገብ መጥተው አዲስ አበባን ራሷን ገና አልለመዱም፤ ሦስት ቀን ከተማ ይቆዩ፣ ካልሆነ በራስ ምታት ነው የሚያልፍላቸው።

ከአዛውንቱ የምለየው በአንድ ነገር ብቻ ነው። እሳቸው ትንሹም ትልቁም አንድ ላይ ይጫወት ይላሉ፣ እንደዚያ ነው ያደጉት። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ግን ኳሱን እንጂ ሥሩ የገባውን የአምስት ዓመት ልጅ አያይም። ከሰባት በታች ያሉት ለብቻቸው፣ ሜዳው ጥግ ላይ፣ ያለ ዱላ በእግራቸው ይጫወቱ።