ማስተካከያ፦ አሰብ ለኢትዮጵያ ጭነት የተዘጋው በ1985 አይደለም

ባለፈው ስለ ወደብ ከተሞች ስጽፍ «ኤርትራ በ1985 ነጻ ስትወጣ ኢትዮጵያ አሰብን መጠቀም አቆመች፣ ከተማዋም ያኔ ደረቀች» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ከነጻነቱ በኋላ ሁለቱ መንግሥታት የትራንዚትና የወደብ አገልግሎት ስምምነት ተፈራርመው፣ ጦርነቱ እስከተነሳበት እስከ ግንቦት 1990 ድረስ አብዛኛው የኢትዮጵያ የውጭ ንግድ በአሰብ ሲያልፍ ነበር። ይህን ያረጋገጥኩት ከስምምነቱ ሰነድና ዘ ሄግ ከነበረው የሁለቱ አገሮች የካሳ ኮሚሽን ውሳኔ ነው። ወደቡ ላይ ስለቀረው የኢትዮጵያ ጭነት እዚያ ተከራክረውበታል።

አምስት ዓመት ብቻ ነው ትሉ ይሆናል፤ የጽሑፌን መደምደሚያ ግን ይገለብጠዋል። አሰብን የጎዳት የጭነቱ መቆም እንጂ የድንበሩ መሰመር አልነበረም። ድንበሩ ተሰምሮም መርከብ እስከመጣ ድረስ ወዛደሩ፣ ጎሚስታው፣ ሻይ ቤቱ ሥራ ነበረው። ጭነቱ ወደ ጅቡቲ ሲዞር በማንዳና በቡሬ አልፎ ወደ አሰብ የሚሄደው መንገድ ጭር አለ፤ የአፋር ከተሞቹ ሚሌና ሎግያ ግን ወደ ጅቡቲ የሚወስደው የጋላፊው መንገድም ስለሚያገኛቸው ከባድ መኪና አልራቃቸውም። ጅቡቲም እንዲያ የፈረጠመችው ከዚያ ወዲህ ነው።

አስተያየት ላይ አንድ ሰው የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያም በጦርነቱ ቆመ ብሎ ነበር። እሱስ ከጦርነቱ ቀደም ብሎ ነው የተዘጋው።

የድሮውን ጽሑፍ አርሜዋለሁ። ሼር ያደረጋችሁት ይህንንም አያይዙልኝ።