ድክመትን በገዛ እጅ መጻፍ

ስቶክሆልም በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት፣ ለመጤዎች በነጻ በሚሰጠው የስዊድንኛ ትምህርት ላይ መምህራችን የመጨረሻዎቹን ዐሥር ደቂቃዎች ለአንድ ደብተር ይተዉልን ነበር። የምንጽፈውም የዕለቱ ትምህርት የቱ ጋ እንደገባንና የቱ ጋ እንደጠፋን ነው። አንድ ቀን፣ አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ሲያሳርፍ ስዊድንኛ ለምን ሁለተኛ ቦታ እንደሚሰጠው፣ «ዛሬ» ብዬ ስጀምርም «እኔ» ለምን ከግሱ ኋላ እንደሚሄድ እንዳልገባኝ ጻፍሁ። በማግስቱ መምህራችን ጥያቄዬን ሰሌዳው ላይ ጽፈው፣ «ትናንት ቸኩዬ ነው ያስረዳኋችሁ» በማለት እንደ አዲስ ጀመሩ። ጎንደር ተወልጄ ስማር፣ መምህር እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም።

በሙያው ዘንድ ይህ ሪፍሌክሽን ይባላል፤ የሠሩትን መለስ ብሎ ማጤን ማለት ነው። ዶናልድ ሾን የተባለው አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1983 ሐሳቡን ሲያብራራ፣ በሥራው መካከል የሚደረገውን ማጤን ከሥራው በኋላ ከሚደረገው ለይቶታል። ለአገራችንም እንግዳ ነገር አይደለም፤ በተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ስም መምህራን ፖርትፎሊዮ የሚባለውን የሥራቸውን ማኅደር ሲሞሉ ኖረዋል።

ለጥምቀት ጎንደር ሄጄ፣ እንግሊዝኛ የምታስተምረውን ታናሽ እህቴን የትምህርት ዕቅድ ሳገላብጥ፣ መምህሩ ስለ ራሱ በሚጽፍበት ዓምድ ከላይ እስከ ታች «ዓላማው ተሳክቷል» የሚል ብቻ አገኘሁ። ከስልሳ በላይ ተማሪ ባለበት ክፍል ዓላማው በየቀኑ ይሳካል ወይ ብዬ ብጠይቃት ሳቀች።

«ኧረ ወንድም ጋሼ፣ ድክመቴን በእጄ ጽፌ ለገምጋሚ ላስረክብ?»

ልክ ናት። ከደርግ ዘመን ጀምሮ ሂስና ግለ ሂስ ሲባል በሰማ አገር፣ ጥፋትን በጽሑፍ ማመን ማስረጃ ማቀበል ነው። የስቶክሆልሙን ደብተራችንን ግን ከመምህራችን በቀር ያየው አልነበረም፤ ውጤት የሚሰጥበትም አልነበረም። በዚያና በእኛ ትምህርት ቤቶች መካከል ያለውን ልዩነት በተማሪው ብዛትና በመሣሪያው እጥረት ብቻ የሚያሳብቡ ወገኖቼ ይህን ይዘሉታል።

ደግሞም ጎንደር የቅኔ ቤት አገር ናት። ተማሪው፣ ለእርሱ የአፍ መፍቻ ባልሆነው በግእዝ፣ ጉባኤ ቃና የምትባለውን ባለ ሁለት ቤት (ባለ ሁለት ስንኝ) አጭር ቅኔ ብቻውን ቆጥሮ፣ ማለትም ደርሶ፣ ለየኔታ ሲያሰማ፣ የተሰበረውን እርሳቸው በጓደኞቹ ፊት ያቃኑለታል፤ ስሕተቱም በየትኛውም መዝገብ አይሰፍርም። የጎደለ ነገር ቢኖር የኔታ ራሳቸው «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» የሚሉበት ጊዜ ጥቂት መሆኑ ነው፤ በዚህ በኩል የስቶክሆልሟ መምህራችን ይበልጧቸዋል ብል ድፍረት እንዳይሆንብኝ እሰጋለሁ።

ከመመለሴ በፊት ለእህቴ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ገዛሁላት፤ ትምህርት ቤት እንዳትወስደውም ተስማማን። የመጀመሪያውን ገጽ አሳየችኝ፦ «ስለ ኃላፊ ጊዜ ግስ ስጠይቅ እጅ የሚያወጡት ፊት ያሉት ስድስቱ ናቸው። ከኋላ ያሉት ገብቷቸው እንደሆነ ሳልጠይቅ ወደሚቀጥለው አለፍሁ። ሰኞ ከኋላ ወንበር እጀምራለሁ።»