መብራቷን አጠፋሁልህ

ያለፈው ሳምንት ቅዳሜ መካኒኬ መኪናዬን ሲመልስልኝ ፊቱ በርቶ ነበር። «ወንድሜ፣ ያቺን መብራት አጠፋሁልህ» አለኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት የሞተር ቅርጽ ያላት ብርቱካንማ መብራት ስታፈጥብኝ ከርማለች። ቁልፉን አዞርኩ። እውነትም የለችም። ሂሳቡን ከነጉርሻው ከፍዬ ወጣሁ።

ማታ ሱሉልታ ግቢዬ ገብቼ መኪናዋን ሳቆም፣ በጨለማው እንደ ክር የቀጠነች ብርቱካንማ ብርሃን አየሁ። በጥፍሬ ነካ አደረግኳት። ጥቁር ናስትሮ! በመቀስ ክብ ተደርጋ የተቆረጠች፣ ከሳንቲም የምታንስ ናስትሮ። መብራቷ በርታለች፤ እኔ እንዳላያት ነው የተከለለችው። የአቆራረጡን ጥበብ ግን አልክድም።

እናቴ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ተረት አብልጣ ትወድ ነበር። እኔም እወደዋለሁ። አገሩ ሁሉ ይወደዋል፤ የሚሠራበት ግን አላየሁም። ሰላምታችንን እዩት። ጉንፋን ሳምንት ያስተኛው ሰው አፍንጫውን እየጠረገ «እንዴት ነህ?» ሲባል «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ደግመው ሲጠይቁት ደግሞ ይበልጥ ደህና ይሆናል። እናቴ ራሷ የጉልበቷን ሕመም ሦስት ዓመት ደብቃናለች። ደረጃ ስትወጣ መሃል ላይ ቆም ብላ «እስቲ ሰፈሩን ልየው» ትል ነበር። ሰፈሩን እንዲህ የምትወደው እየመሰለን።

መደበቅ ከተነሳ ያንን ደላላ ሳላነሳው ባልፍ ሆዴ አይፈቅድልኝም። ይህችን 2004 ሞዴል ኮሮላ ከስድስት ዓመት በፊት ሲያሻሽጠኝ «የሐኪም መኪና ናት፤ ሞተሯ አልተነካም» ብሎኛል። አልተነካም ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያኔ አልጠየቅኩም። አሁን ገብቶኛል። ማንም ሊነካው አልደፈረም ማለት ነው። ልገዛ ስደርስ ሞተሯን አስነስተው አሙቀዋት ጠበቁኝ። አክብሮት መስሎኝ ነበር። ለካ ጠዋት በብርድ ስትነሳ የምትተፋውን ሰማያዊ ጭስ እንዳላይ ነው። ሰማያዊ ጭስ ማለት ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው። የዘይት መለኪያውን ዘንግ ስስበው የተጣበቀበት ነገር ያረረ ቁሌት ይመስል ነበር። «ሐኪሙን ላግኘው» ብል፣ ውጭ አገር ሄዷል። መኪና የሚሸጡ ሐኪሞች ሁሉ ውጭ አገር ናቸው። ይባስ ብሎ የነዳጅ መኪና እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከታገደ በኋላ ያው ደላላ ደወለልኝ። «በእጥፍ ልሽጥልህ። የሐኪም መኪና ናት እላለሁ።» እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ።

ወደ መብራቷ ልመለስ። ነገሩ የጀመረው ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ በሚወስደው ዳገት ላይ ነው። የሙቀት መለኪያው ቀስት ወደ ቀዩ ሲንደረደር አይቼ ጥግ ያዝኩ፤ ሞተሩን አጠፋሁ። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት እየወጣ፣ ልምምድ ላይ ያሉ ሯጮች በጎኔ አለፉ። አንዱማ «በርታ!» ብሎኛል።

አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አራት ሊቃውንት ኮፈኑ ውስጥ አንገታቸውን አስገቡ። የታክሲ ረዳቱ «ካንዴላ ነው» አለ። የግንባታ ዘበኛው «የለም፣ ቴስታታው ሄዷል» አለ፤ የሞተ ሰው የሚያረዳ ነው የሚመስለው። ሦስተኛው በሻርፑ እጁን ጠቅልሎ የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍት ሲል ዘልዬ ያዝኩት። ትኩስ ራዲያተር ሲከፈት የፈላ ውሃ ፊት ላይ ይተፋል። አህያ የሚነዱት አባት ብቻ «ደክሟት ነው ልጄ፣ ትረፍ» አሉ። ከአራቱ ልክ የነበሩት እሳቸው ናቸው።

እንደምንም ቀዝቅዛ ሰፈር ስንደርስ መካኒኩ ፈረደ። «ቴርሞስታቱን፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን የሚይዘውን ዕቃ፣ አውጥተን እንጣለው። እሱ ለፈረንጅ አገር ብርድ የተሠራ ነው። እኛ ብርድ የለንም።» ይህን ያለኝ ሱሉልታ ላይ፣ ሹራብ በሹራብ ደርቦ፣ እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ነው። ቀጥሎ ጋርኒሲዮን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ እያለ ሲያወርደው፣ ቅዳሴ በግዕዝ ሲሰማ እንዳልገባው ምእመን ራሴን ነቀነቅኩ። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ታግሎ አገሩን አላገኘም፤ ጋራዡን ግን ማንም አላስለቀቀውም። መካኒክ በጣሊያንኛ ሲናገር ሂሳብ ይጨምራል፤ ይሄን እንኳ አስተውዬዋለሁ። ቴርሞስታቱ ወጣ። ከጥቂት ቀን በኋላ ብርቱካንማዋ መብራት መጣች። ከዚያ ናስትሮዋ።

ሰኞ ፈቃድ ጠይቄ ከተማ ውስጥ ኮምፒውተር ያለው ጋራዥ ወሰድኳት። ልጁ ከመሪው ሥር ሽቦ ሰክቶ «ፒ 0128» ብሎ አነበበ። ሞተሩ መሞቅ ባለበት ልክ እየሞቀ አይደለም ማለት ነው።

«ቴርሞስታት አላት?»

«ነበራት» አልኩ።

የመኪናዋ ኮምፒውተር ሞተሩ ገና ብርድ ላይ ያለ ስለሚመስለው ቤንዚን ይጨምራል። ቤንዚን ማደያ የከፈትኩ ይመስል ሰሞኑን ገንዘቤ የት እንደሚገባ የጠፋኝ ለካ ለዚህ ነው። ዳገቱ ላይ ያፈላት ደግሞ ሌላ ነው፤ የራዲያተሩ ክዳን። ጎሚኒው እንደ ድርቆሽ ተሰነጣጥቋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት፤ እዚህ ውሃ እስከ 100 ዲግሪ አይታገስም፣ 92 ገደማ ላይ ይፈላል። ባቄላችን ከሰል ጨርሶ የማይበስለው ለዚሁ ነው። ዳገቱ ላይ ደግሞ ከዚያም ቀድሞ ይፈላል። ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ ክዳኑ ግፊቱን አፍኖ ካልያዘ፣ የእኔ ራዲያተር ውስጥ ደግሞ ኩላንት፣ ማለትም ቶሎ የማይፈላው የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ ሳይሆን የቧንቧ ውሃ ነበር፣ ሞተር በደህናው ጊዜ ያለው ሙቀት ብቻውን ያፈላዋል። ክዳኑ ከአንድ ክትፎ ያነሰ ዋጋ ነው። ክዳን፣ ቴርሞስታት፣ ኩላንት ተገባላት፤ መብራቷም ጠፋች። የምሬን ነው፣ ናስትሮውን ልጬ ነው ያየሁት።

«ማን ነው ቴርሞስታቱን ያወጣው?» አለኝ ልጁ።

«እኔ እንጃ» አልኩ።

ምን ልበል? መካኒኬ የእድራችን ገንዘብ ያዥ ነው። ሳምንቱን ሙሉ የምለውን ስደረድር ከረምኩ። ናስትሮዋን አውጥቼ መዳፉ ላይ ላስቀምጥለት ሁሉ አስቤ ነበር። ትናንት እሁድ የእድር ስብሰባ ላይ ከሩቅ እጁን አነሳልኝ።

«መኪናዋ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«መብራቷስ?»

«ጠፍታለች» አልኩት። ናስትሮዋ ኪሴ ውስጥ ጣቴ ላይ ተጣብቃለች። «ጎበዝ!» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «አንድ ቀን አምጣትና ፍሬኗንም አይልሃለሁ።»