ሽሽሽ የሚለው ጣቢያችን ይኑርልን

ሐዋሳ የምትመሰገንበት ነገር ሞልቷል፤ ሐይቁ አለ፣ ዓሣው አለ፣ ሰፋፊው ጎዳና አለ። ከእነዚህ ጎን ሊጠራ ሲገባው እስካሁን አመስጋኝ ያጣ ሌላ ሀብት ደግሞ አለ፤ በጭብጨባ ተመርቆ በክብር ዝም የሚለው ትንሹ የማኅበረሰብ ኤፍ ኤም ጣቢያ። ትንሽ ሬዲዮ በተከፈተበት ከተማ ሁሉ ያለ ልማድ ነውና ለብቻችን አንኮራበትም። ያም ሆኖ ምስጋናው ከአንድ ቦታ መጀመር አለበት።

ጥበቡ ከምረቃው ዕለት ይጀምራል። ሪባኑ ይቆረጣል፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ የአገር ሽማግሌዎች ይመርቃሉ፣ «የሕዝብ ድምፅ» የሚል ባነር ይዘረጋል። በጀቱ እዚህ ያልቃል። ከማግስቱ ጀምሮ ለሚያስፈልገው ናፍታ፣ ለመለዋወጫ፣ ማማ ላይ ለሚወጣው ሰው አበል አንድ መስመር እንኳ አልተጻፈም። ረስተውት እንዳይመስላችሁ፤ ለዝምታው ቦታ ትተውለት ነው።

ዝምታ ሁሉ ደግሞ አንድ አይደለም። ለማጣጣም ባለ መዘውር የድሮ ሬዲዮ ይመረጣል፤ ብዙዎቹ የመኪና ቴፖች ሞገድ ሲያጡ ድምፁን ራሳቸው ስለሚቀንሱት ልዩነቱን ያደበዝዙታል። «ሽሽሽ» ካለ ሞገዱ ራሱ የለም፤ ወይ መብራት ሄዷል ወይ ማሰራጫው ጠፍቷል። ሽሽታው ቆሞ ሬዲዮው ጸጥ ረጭ ካለ ግን ከፍ ያለ ደረጃ ላይ ደርሰናል። ማሰራጫው በሙሉ ጉልበቱ እየሠራ ነው፤ ያጣው የሚያስተላልፈውን ነው። ስቱዲዮ ያለው ኮምፒውተር ተዘግቷል፣ የድምፅ መቆጣጠሪያው ሚክሰር ላይ አንድ ማንሸራተቻ ወርዷል፣ ወይም ድምፁን ከስቱዲዮ ወደ ማማው የሚያደርሰው መስመር ተቋርጧል። 1 ኪሎ ዋት የሚያወጣ ማሰራጫ ከመስመር 1.5 ኪሎ ዋት ያህል ይስባል፤ ሌት ተቀን ከሠራ በቀን 36 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ይህን ሁሉ መብራት ከፍሎ ጥርት ያለ ዝምታ ለሕዝብ በነፃ ማደል ቸርነት ካልተባለ ምን ይባላል?

አንድ ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ የሚደጋግመውም ከዝምታ ወገን ይቆጠራል፤ ኮምፒውተሩ አለ፣ ሰው የለም።

ሌላው ዓይነት ፒያሳ ላይ ኩልል ብሎ ይሰማና ወደ ጥቁር ውሃ ሲሄዱ መንኮሻኮሽ ጀምሮ ኬላው ጋ ሲደርሱ የሚጠፋው ነው። ማማው ላይ የሚወጡት ልጆቻችን ሥራ በደንብ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ማማው ላይ ኬብሉና አንቴናው የሚገናኙበት ኮኔክተር አለ። ደንቡ፣ ሲወጠር እርስ በርሱ በሚጣበቅ የጎማ ቴፕ ከታች ወደ ላይ ይጠቀለላል፤ እያንዳንዱ ዙር የበታቹን ግማሽ ይሸፍናል፣ ውሃው እንደ ሣር ክዳን ወደ ውጭ እንዲንሸራተት። በላዩ ፀሐይ የሚችል ሌላ ቴፕ ይደረባል። ኬብሉም ኮኔክተሩ ጋ ከመድረሱ በፊት ጠብታው እዚያው እንዲወርድ ወደ ታች ለጠጥ ተደርጎ ይታሰራል። ቢበዛ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። የእኛዎቹ ግን ለምረቃው ስለሚጣደፉ ከኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ የመጣውን ተራ ኢንሱሌሽን ቴፕ ሁለት ዙር ዞር አድርገው ይወርዳሉ። የበጋው ፀሐይ ሙጫውን ያላቅቀዋል፣ ክረምት ሲገባ ውሃው የተከፈተለትን በር አይንቅም።

ውሃ የገባበት መስመር የተሰጠውን ኃይል ወደ አንቴናው ማድረሱን ይተውና ከፊሉን ወደ መጣበት ይመልሰዋል። ማሰራጫው ከኬብሉና ከአንቴናው ጋር ምን ያህል እንደተጣጣመ የሚያሳየው፣ ባለሙያዎቹ ኤስ ደብሊው አር የሚሉት ምጣኔ 3 ለ 1 ሲደርስ የተላከው ሩብ ይመለሳል፤ ከ1,000 ዋት 250ው ማለት ነው። ማሰራጫው ደግሞ ለነፍሱ ሳስቶ ጉልበቱን ይቀንሳል። ከ1,000 ወደ 250 ዋት ከወረደ ዳርቻ ላይ የሚደርሰው የሞገድ ጥንካሬ በግማሽ ይወድቃል፤ ጥቁር ውሃ ላይ ያለው አድማጭ የሚቀረው ያኔ ነው።

ማሰራጫው ፊት ላይ «ሪፍሌክትድ» የሚል ቁጥር ይነበባል፤ የተመለሰው ኃይል ማለት ነው። አንድ ሰው በየጠዋቱ ደብተር ላይ ቢያሰፍረው ቁጥሩ ከፍ ከፍ ማለቱን አስቀድሞ ያየው ነበር። እንዲህ ያለ ደብተር ግን ድንገተኛነቱን ያጠፋዋል፤ የድንገቴው ዝምታ ለዛ ደግሞ ሌላ ነው። የበለጠ የምናደንቀው አላርሙ ሲጮህበት «ይረብሸኛል» ብሎ መከላከያውን የሚያልፈውን ጀግና ነው። የተመለሰው ኃይል ሙቀት ሆኖ ትራንዚስተሮቹን ይጨርስና ጣቢያው ከመንኮሻኮሽ ወደ ሽሽታ ያድጋል። የማራገቢያው ማጣሪያ በአቧራ ከተደፈነማ ክረምት መጠበቅም አያስፈልግ። የመብረቁ ጉዳይ አጭር ነው፦ መብረቁን ወደ አፈር የሚያወርደው የመሬት መስመር መቋቋሚያ ከ10 ኦም በታች መሆን ነበረበት፤ ዘንጉ ደረቅ አፈር ውስጥ አንድ ክንድ ተቀብሮ የለካው የለም።

እሺ፣ አድማጭስ? አድማጭ ጨዋ ነው፤ ነገር አያከርርም። የባጃጁ ሾፌር በር ላይ ቆም ብሎ ዘበኛውን ይጠይቃል።

«አባባ፣ ሬዲዮው ምን ሆኖ ነው?»

«ሲስተም የለም፣ ልጄ።»

«መቼ ይመለሳል?»

«ባለሙያው አዲስ አበባ ሄዷል።»

በቃ። ባጃጁ ይነሳል። «የመጠባበቂያ ትራንዚስተር ለምን አስቀድሞ አልተገዛም?» የሚለው በር ላይ የሚነሳ ጥያቄ አይደለም። ዕቃው ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ፕሮፎርማ፣ የውጭ ምንዛሪ፣ ጉምሩክ እያለ ወራቱን ይቆጥራል። በዚህ መሐል ጣቢያው በገጹ ላይ «ባጋጠመን የቴክኒክ ችግር» ብሎ ይለጥፋል። ችግሩ ሁልጊዜ ያጋጥማል እንጂ ማንም አይሠራውም።

ወደ ዋናው መዝናኛ እንምጣ፤ ወደ ፈቃዱ ጭቅጭቅ። ጣቢያው እያወራ ሳለ ባለቤቱ ማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ዝም ባለ ማግስት ባለቤቱ ይበዛል። ዕቃውን የሰጠው ረጂ ድርጅት «የእኔ ነው» ይላል፤ ቤቱን የሰጠው መሥሪያ ቤት «ግቢው የማነውና!» ይላል፤ የሥራ ዘመኑ ያለፈበት ቦርድ ጠቅላላ ጉባኤ ሳይጠራ ማኅተሙን ኪሱ ይዞ ይዞራል። ደብዳቤ ይጻፋል፤ ከደብዳቤው ግልባጩ ይረዝማል። የማኅበረሰብ ሬዲዮ ለትርፍ የማይቋቋም መሆኑ በአዋጅ ቁጥር 533/1999ም ነበረ፤ እሱን በተካው በ1238/2013ም አለ። ትርፍ የሌለበት ነገር ይህን ያህል ተሻሚ ማፍራቱ ራሱ ለምርምር ይበቃል። ፈቃዱስ? በመስታወት ፍሬም ገብቶ ግድግዳው ላይ ነው። በማን ስም እንደወጣና መቼ እንደሚያበቃ ተጽፎበታል፤ ግን ከፍ ተደርጎ ስለተሰቀለ መሰላል ይፈልጋል። መሰላሉ ማማ ላይ ለመውጣትም አልዋለም፣ ለዚህም አይውልም። እድሳቱ በመጨረሻው ሳምንት ይታወሳል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ፈራሚው መስክ ነው።

ዝምተኛ ጣቢያ ቦታ አይይዝም የሚል ካለ ተሳስቷል። ኤፍ ኤም ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ነው፤ ሁለመናው 20.5 ሜጋኸርዝ። በአንድ ከተማ ውስጥ ሁለት ጣቢያ እንዳይረባበሹ 400 ኪሎኸርዝ ያህል ቢራራቁ ከሃምሳ ብዙ የማያልፍ ቦታ ነው የሚወጣው፤ ከዚያ ላይ 25 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ሻሸመኔና ሌሎች ጎረቤቶች ድርሻቸውን ያነሳሉ። ስለዚህ ዝም ብሎ ቁጥሩን ይዞ መቀመጥ ቀላል ውለታ አይደለም፤ በዚያ ቦታ ሌላ ሰው ገብቶ እንዳይለፈልፍ ይከላከላል።

አሜሪካኖች ይህን ጸጋ አላወቁበትም። እዚያ ጣቢያ ሲዘጋ እስከ 10ኛው ቀን ድረስ ለፌዴራል የመገናኛ ኮሚሽናቸው ማሳወቅ አለበት፤ ከ30 ቀን ካለፈ ማስፈቀድ አለበት፤ 12 ተከታታይ ወር ዝም ካለ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው ሕጋቸው መሠረት ፈቃዱ በራሱ ጊዜ ይሞታል። ደብዳቤ የለ፣ ግልባጭ የለ! አንዳንድ ብልህ ባለጣቢያዎች 12ኛው ወር ሊሞላ ሲል ለጥቂት ቀን ሞገድ ለቀው ተመልሰው ይተኛሉ፤ በኋላ ግን ኮሚሽኑ ይህንንም ነቃበት። ምስኪኖች፣ ለመተኛት እንኳ መነሳት አለባቸው። የእኛው ጣቢያ በዓመት አንዴ ብቻ ነው ድምፁ የሚሰማው፤ በየካቲት የዓለም የሬዲዮ ቀን ሲከበር በቴሌግራም «እንኳን አደረሳችሁ» ይላል። እሱም በጽሑፍ ነው።

ሰሞኑን ደስ የሚል ወሬ አለ። ዝምተኛው ጣቢያ ሥራ አስፋፍቶ ቴሌቪዥን ሊከፍት ነው አሉ። የሪባኑ ፕሮፎርማ ተሰብስቧል፣ የክብር እንግዶች ዝርዝር እየተረቀቀ ነው፣ ለማማው ግን «ያለው ይበቃል» ተብሏል፤ ያው ሁለት ዙር የተጠቀለለበት። በስክሪኑ ላይ የሚቆመው ጽሑፍ ከወዲሁ ተዘጋጅቷል፦ «ላጋጠመው የቴክኒክ ችግር ይቅርታ እንጠይቃለን»። በሦስት ቋንቋ ይሁን ወይስ በሁለት የሚለው ብቻ ቦርዱን አላስማማም።